የአንባቢያን ጥያቄ፦ የረገበ የመኪና ኮርኒስ

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ ነው። የ1999 ሞዴል (በፈረንጆች) ጎልፍ አለኝ። የጣሪያው ጨርቅ ከኋላ ጀምሮ እየረገበ መጥቶ አሁን በስፖኪዮ የኋላውን መስታወት ማየት አቅቶኛል። ሁለት ጊዜ በማስቲሽ አስለጠፍኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ ወር ሳይሞላው ወረደ። ጥፋቱ የማስቲሹ ነው የሠራተኛው?

መልስ፦ ዋናው ጥፋተኛ ስፖንጁ ነው። የዚህ መኪና ኮርኒስ ሦስት ድርብ አለው፦ ከላይ ጠንካራ ሰሌዳ፣ መሃል ላይ 3 ሚሊ ሜትር ያህል የሚወፍር ስፖንጅ፣ ከታች የምናየው ጨርቅ። ከሰሌዳው ጋር የተጣበቀው ስፖንጁ እንጂ ጨርቁ አይደለም። ሙቀትና እርጥበት ለዓመታት ሲፈራረቁበት ስፖንጁ ይፈርሳል፤ የረገበውን ቦታ በጣትዎ ቢያሹት ከጀርባው እንደ በሶ ሲፍረከረክ ይሰማዎታል። ማስቲሹ የተጣበቀው በዚያ ዱቄት ላይ ስለሆነ ከዱቄቱ ጋር አብሮ ይወርዳል። ተራ የጫማ ማስቲሽ ደግሞ በእናንተ አገር ፀሐይ፣ ከተዘጋ መኪና ጣሪያ ሥር ይለሰልሳል።

ስለዚህ ሰሌዳውን ማውረድ ግድ ነው። ጣሪያውን በያዙት ምሰሶዎች ሽፋን ላይ የኤርባግ ምልክት ካለ መጀመሪያ ባትሪውን ነቅለው 10 ደቂቃ ያህል ይቆዩ፤ ከዚያም የኤርባጉን ሶኬትም ሆነ ሽቦ አይንኩ። የፀሐይ መከላከያዎቹን፣ የእጅ መያዣዎቹን፣ መብራቱንና የምሰሶ ሽፋኖቹን ይፍቱ፤ በበሮቹ ዙሪያ ያለውን ጎሚኒ ከላይ በኩል ሳብ አድርገው ያላቁት። የፊት ወንበሮቹን ወደ ኋላ አስተኝተው ሰሌዳውን በኋላው የሻንጣ በር በኩል ያውጡት። ለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ መሃሉ አንድ ጊዜ ከታጠፈ ስብራቱ በአዲሱ ጨርቅ ሥር መስመር ሆኖ ይታያል።

አሮጌውን ጨርቅ መግፈፍ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ጊዜ የሚወስደው የስፖንጁን ቅሪት ማጽዳት ነው፤ አብዛኛው ሥራ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ደጅ ወጥተው፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው በጠንካራ የፕላስቲክ ብሩሽ ይፈትጉት። የሽቦ ብሩሽ ሰሌዳውን ይቦጭቀዋል፤ ውሃ ደግሞ ያጣምመዋል። ሲጨርሱ መዳፍዎን ሰሌዳው ላይ ያሹት፦ እጅዎ ላይ ቢጫ ብናኝ ከቀረ ሥራው አላለቀም። ለዚህ ክፍል ሁለት ሰዓት ቢፈጅብዎት አይበዛም።

ጨርቁ ስፖንጅ የተለጠፈበት የኮርኒስ ጨርቅ ይሁን። ወርዱ 1.5 ሜትር ከሆነ 2 ሜትር ይበቃዎታል። የመጋረጃ ወይም የሱፍ ጨርቅ ለብቻው አይሆንም፤ የሰሌዳውን ጉድፍ ሁሉ ያሳያል፣ ሙጫውም ወደ ፊት ዘልቆ ይታያል። ሙጫው ሙቀት የሚችል፣ የሚነፋ ዓይነት መሆን አለበት፤ ለትንሽ መኪና ሁለት ጣሳ ይያዙ። በብሩሽ የተቀባ ማስቲሽ ይጓጉላል፣ የጓጎለውም በጨርቁ ላይ አብጦ ይታያል።

ጨርቁን ሰሌዳው ላይ ዘርግተው ግማሹን ወደ ራሱ ይጠፉት። ሰሌዳውንም የስፖንጁንም ጀርባ ይንፉ። ሲነኩት እጅ እየሳበ ግን ሳይከተል ሲቀር፣ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ፣ ከመሃል ወደ ዳር በመዳፍዎ እያሹ ይለጥፉ፤ ከዚያ ሌላውን ግማሽ። ጉድጓድ ባለበት፣ በተለይ በመብራቱና በፀሐይ መከላከያው ዙሪያ፣ ጨርቁን በጣትዎ እየገፉ ወደ ውስጥ ያስገቡት። ከላይ ወጥረውት ካለፉ በጨርቁና በሰሌዳው መካከል አየር ይቀራል፤ ነገ መላቀቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ዳሩን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ጀርባ አጥፈው ይለጥፉ። ለመብራቱ ቀዳዳ ጨርቁን በመስቀል ቅርጽ ቀደው ጫፎቹን ወደ ጀርባ ይጠፉ እንጂ ቆርጠው አይጣሉ። ከማስገባትዎ በፊት አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ።

ጥያቄ፦ አሮጌ ቮልስ አለኝ። የነጭ ፕላስቲክ ኮርኒሱ ቢጫ ሆኗል፤ አልተቀደደም። ጥቁር ዘይት ቀለም ብቀባው ምን ይለኛል?

መልስ፦ ዘይት ቀለም አይቀቡት። ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ቅባት ወደ ቀለሙ እየወጣ እጅ የሚይዝ ሙጭሙጭ ያደርገዋል፤ ሲወጠርም ይሰነጠቃል። ለቪኒል (ኮርኒሱ ለተሠራበት ፕላስቲክ) የተሠራ የሚነፋ ቀለም ይፈልጉ። መጀመሪያ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ይጠቡት፣ ሲደርቅ በአልኮል ይወልውሉት። መስታወቱንና ወንበሩን በጋዜጣ ሸፍነው፣ በሮቹን ከፍተው፣ ከ20 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ሦስት ጊዜ ስስ ስስ አድርገው ይንፉ፤ በየመሃሉ 15 ደቂቃ ይጠብቁ። አንዴ ካወፈሩት ትንንሾቹ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፣ መልኩም የተለሰነ ይመስላል። ነጩን ማጥቆር ይቻላል፤ ጥቁሩን መልሶ ማንጣት ግን አይታሰብ። ለነገሩ የቮልስ ውስጡ ጠባብ ነው፣ ጥቁር ጣሪያ ይብስ ያጠበዋል። ክሬም ወይም ግራጫ ቢሆን እንመርጣለን።

ከመቀባትዎ በፊት አንድ ነገር ይፈትሹ፦ ጥግ ላይ በአውራ ጣትዎ ጫን ይበሉት። ከተሰነጠቀ ቀለም አያድነውም፣ አዲስ ማሰፋት ነው። ያ ደግሞ ከባድ ሥራ ነው፤ ጨርቁ በመስታወቶቹ ጎሚኒ ሥር ስለሚታጠፍ የፊቱና የኋላው መስታወት መውጣት አለበት። ኮርኒሱን የሰቀሉት የብረት ዘንጎችም እኩል ስላልሆኑ ሲወጡ ከፊት ወደ ኋላ ቁጥር ይጻፉባቸው።

ጥያቄ፦ የረገበ የኮርኒስ ጨርቅን ለጊዜው በስፒል መያዝ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ጫፉ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዘ ዓይነት ቢያገኙ ይሻላል፤ ቀጥ ያለው ስፒል መኪናው በተነቃነቀ ቁጥር እየወጣ ወንበር ላይ ይወድቃል። በሲሪንጅ ሙጫ መርጨት ግን ይቅርብዎ። ጨርቁ ላይ የሚቀረው እድፍ አይለቅም፣ ስፖንጁም ያው ዱቄት ነው።