ጠይቁ፣ እንመልሳለን፦ ኢሞ ከየት መጣ?

ስለ ፓንክ ሮክ ከጻፍን ወዲህ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ኢሞ፣ ከፓንክ ስለወጣው ስሜታዊ የሮክ ዘርፍ፣ የሚጠይቁ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን ስድስቱን መልሰናል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ቤታችን ውስጥ ሙግት ተነስቷል። ትልቁ ልጄ ኢሞን የጀመረው የኒው ጀርሲው ማይ ኬሚካል ሮማንስ ነው ይላል። ትንሿ ደግሞ እዚሁ አጠገባችን፣ ዲሲ ነው የተጀመረው ብላ ሞግታዋለች። ማን ነው ልክ? (አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ትንሿ ረትታለች። ማይ ኬሚካል ሮማንስ በ2001 ሲመሠረት ኢሞ የሚለው ስም አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶት ነበር።

ከ1980 እስከ 1983 ዋሽንግተን ውስጥ የነገሠው ሃርድኮር የሚባለው ፈጣን ፓንክ ነው። ማይነር ትሬት ከተባለው የከተማው ባንድ ዘፈኖች ብዙዎቹ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞሉም፤ ሦስት አራት ኮርድ፣ ጩኸት፣ አለቀ። ባንዱ በ1983 ሲበተን ግን ኮንሰርቱ የጠብ ፈላጊ መናኸሪያ እየሆነ ሄደ። ይህ ያንገሸገሻቸው የቀድሞ ባንዶች አባላት እንደገና ተቧድነው በ1985 አዲስ ነገር ይዘው ብቅ አሉ። ያንን ወቅት ራሳቸው «ሪቮሉሽን ሰመር» ብለውታል።

ከሁሉም ቀድሞ የሚጠቀሰው ራይትስ ኦፍ ስፕሪንግ ነው፦ ጋይ ፒቾቶ ድምፅና ጊታር፣ ኤዲ ጃኒ ጊታር፣ ማይክ ፌሎውስ ቤዝ፣ ብሬንዳን ካንቲ ድራም። አልበማቸውን በ1985 መጀመሪያ የቀዱት አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ፣ ዶን ዚንታራ ከቤቱ ምድር ቤት ባቋቋመው ኢነር ኢር ስቱዲዮ ነው። ያሳተመው ዲስኮርድ የተባለው የዲሲ ሙዚቃ አሳታሚ ሲሆን በአሳታሚው ዝርዝር የሸክላው ቁጥር 16 ነው። ፍጥነቱ ከሃርድኮር ብዙም አልቀነሰም። ጊታሩ ግን ዜማ ይዟል፤ ቤዙ ከጊታሩ ጥላ ወጥቶ በራሱ መንገድ ይሄዳል፤ ግጥሙ ስለ መለያየትና ስላለፈ ጊዜ ነው፤ ድምፃዊው ድምፁ ሲሰነጠቅ አይደብቀውም። ፖለቲካውን ተዉት ማለት ግን አይደለም። በዚያው ሰመር የከተማው ፓንኮች በደቡብ አፍሪካ ኤምባሲ ፊት ለፊት ድራምና ያገኙትን ሁሉ እየደበደቡ አፓርታይድን ተቃውመዋል።

ስሙን ያወጡት ሙዚቀኞቹ አይደሉም። የዲስኮርድ መሥራችና የኢምብሬስ ድምፃዊ የነበረው ኢያን ማካይ «ኢሞኮር» (ስሜታዊ ሃርድኮር) የሚለውን ቃል መድረክ ላይ ቆሞ አጣጥሎታል። ከዚያ ወዲህ ስሙን መካድ የዘርፉ ወግ ሆኖ ቀረ፤ የማይ ኬሚካል ሮማንሱ ጄራርድ ዌይም በ2007 አልቀበልም ብሏል። ስለዚህ ትልቁ ልጅዎ የሚወደው ባንድ ራሱ ለሙግቱ ምስክር አይሆነውም።

ቅርብ ስለሆኑ ደግሞ፦ የዚያ ዘመን ፓንኮች ይሰበሰቡበት የነበረው ናይን ተርቲ ክለብ ያኔ ኤፍ ስትሪት፣ ቁጥር 930 ነበር። ከ1996 ወዲህ ቪ ስትሪት፣ ቁጥር 815 ነው፤ ናይንዝ ስትሪት ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በእግር ጥቂት ደቂቃ ቢሆን ነው። ልጆቹን በሩ ላይ አውርደው ክትፎዎን እየበሉ መጠበቅ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ኢሞ እያሉ የሚያሰሙኝ ዘፈን አንዱ ከአንዱ አይገናኝም። አንዱ ለስላሳ ጊታር ነው፣ አንዱ ጩኸት፣ አንዱ ፖፕ። ለውጡን ለመረዳት ከየቱ ልጀምር? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ አምስት አልበም ይበቃል፤ በቅደም ተከተል መስማት ብቻ ነው። መጀመሪያ ከላይ የጠቀስነውን የራይትስ ኦፍ ስፕሪንግ አልበም። ቀጥሎ የሲያትሉን ሰኒ ዴይ ሪል ኢስቴት፣ «ዳይሪ» የተባለውን የ1994 አልበም። እዚህ ላይ ፍጥነቱ ወርዷል፤ ሹክሹክታና ፍንዳታ በአንድ ዘፈን ውስጥ ይፈራረቃሉ፤ የጄረሚ ኢኒግ ድምፅም ከስስ ዜማ ተነስቶ ወደ ጩኸት ይወጣል። ከዋሽንግተን ውጭ ያሉ ወጣቶች ኢሞን የወረሱት በአብዛኛው በዚህ መልኩ ነው።

ሦስተኛው ላይ ረጋ ይበሉ። አሜሪካን ፉትቦል ኢሊኖይ ውስጥ በተማሪዎች የተቋቋመ ባንድ ሲሆን በ1999 በስሙ ያወጣው አልበም ዲስቶርሽን፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ ማሻከር፣ የለውም ማለት ይቻላል። ሁለት ጊታር እየተጠላለፉ ይንቆረቆራሉ፤ ድራመሩ ስቲቭ ላሞስ አንዳንዴ ትራምፔት ይነፋል፤ ምቱም ባለ አራት ብቻ አይደለም። ሲወጣ ልብ ያለው ጥቂት ሰው ነበር፤ ባንዱም ወዲያው ተበተነ። በ2014 እንደገና ሲሰባሰቡ ግን ዓለም ይጠብቃቸው ነበር። ሽፋኑ ላይ ያለችው የኧርባና ነጭ ቤት መሳለሚያ ከመሆኗ የተነሳ በ2023 ባንዱና አሳታሚው ከሌሎች ጋር ሆነው ገዝተዋታል። ይህን አልበም በስልክ ስፒከር አይስሙት፤ ሁለቱ ጊታሮች ይደባለቁና መጠላለፉ ይጠፋል። ርካሽም ቢሆን ማዳመጫ ያድርጉ።

አራተኛው የአሪዞናው ጂሚ ኢት ወርልድ፣ «ብሊድ አሜሪካን»፣ 2001። ትልቁ ካምፓኒ ካፒቶል ካሰናበታቸው በኋላ በራሳቸው ገንዘብ ቀርጸውት ከመካከሉ አንዱ ዘፈን የአሜሪካ ሰንጠረዥ ላይ እስከ 5ኛ ወጣ። በር የተከፈተው ያኔ ነው። አምስተኛው የማይ ኬሚካል ሮማንስ የ2004 አልበም፤ ትያትር፣ ሜካፕ፣ የስታዲየም ጊታር። በዚህ መካከል በ2003 የተከፈተው ማይስፔስ የተባለ ማኅበራዊ ድረ ገጽና በአንድ ቀን በርካታ ባንድ የሚያሰልፈው ዋርፕድ ቱር ነገሩን ከምድር ቤት ወደ አደባባይ አወጡት።

የኛን ፍርድ ከጠየቁ ምርጡ ዘመን ከ1994 እስከ 1999 ያለው ነው። ከ2000 በኋላ ብዙ ግጥም ጥላ የሄደችን ሴት መርገም ሆነ። ጋዜጠኛዋ ጄሲካ ሆፐር በ2003 ፓንክ ፕላኔት መጽሔት ላይ ይህንኑ ጽፋ ብዙ ባንዶችን አስቆጥታለች፤ ያለችው ግን ልክ ነበር።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪክ ጊታር እማራለሁ፣ ዕድሜዬ 19 ነው። ያንን የሚንቆረቆር የኢሞ ድምፅ በተለመደው ቅኝት ልጫወተው ብሞክር አልመጣልኝም። ምን ይጎድለኛል? (ከአዲስ አበባ፣ ጀሞ)

መልስ፦ ጣትህ ላይ አትፍረድ፤ ችግሩ ቅኝቱ ነው። አሜሪካን ፉትቦል ከሚጠቀሙባቸው ቅኝቶች የታወቀው ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ፣ ጂ፣ ሲ፣ ኢ ነው። ምንም ሳትጫን ክሮቹን ስትመታ ኤፍ ሜጀር ናይን ኮርድ ይሰማል። ድምፁ ደስታም ሐዘንም የሚመስለው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ አራተኛውን ክር ከዲ ወደ ሲ አንድ ሙሉ ድምፅ አውርድ። ከዚያ ሁለተኛውን ከቢ ወደ ሲ፣ ስድስተኛውን ከኢ ወደ ኤፍ ግማሽ ግማሽ ድምፅ አውጣ። አምስተኛው፣ ሦስተኛውና አንደኛው አይነኩም። የምትለቀውን አስቀድም ያልንህ የጊታሩ አንገት ላይ ያለውን ጉተታ ስለሚቀንስልህ ነው። ክር ስታወርድ ከምትፈልገው ድምፅ ትንሽ አሳልፈህ አውርድና እየጠበቅህ ተመለስ፤ ከላይ ወርደህ ብታቆመው ትንሽ እንደተጫወትክ ይላላል። ሲያልቅ ስድስቱንም እንደገና በቱነር እይ፤ አንዱን ስትነካ ሌሎቹ መሳታቸው አይቀርም።

የሚያጋጥምህ ችግር ሦስት ነው። ግማሽ ድምፅ የወጣ ክር ውጥረቱ 12 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ዝገት የያዘ ሁለተኛ ክር ካለህ የሚበጠሰው እዚህ ላይ ነው፣ ፊትህን ከጊታሩ አርቅ። ውፍረቱ 10–46 የሆነ አዲስ ክር ያለ ችግር ይችለዋል። አራተኛው ክር ደግሞ በተቃራኒው 20 በመቶ ያህል ስለሚላላ በኃይል ከመታኸው ፍሬቱ ላይ ይንዘረዘራል፤ መድኃኒቱ በለሆሳስ መምታት ነው። ሦስተኛው ችግር፣ ስትቃኝ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ከሰማህ ክሩ ከአንገቱ ጫፍ ባለው መቀመጫ ላይ ተቀርቅሯል ማለት ነው። ክሩን አንስተህ ቦዩን በእርሳስ እምብርት ቀባው።

አምፕሊፋየሩ ላይ ጌይኑን አውርደው። ዲስቶርሽን የኮርዱን ሰባተኛና ዘጠነኛ ኖታ ያጨማልቃቸዋል። ጮክ ለሚለው ክፍል ሌላ ዘዴ አለ፦ አምስተኛውን ክር 5ኛ ፍሬት ላይ፣ ሦስተኛውን 7ኛ ፍሬት ላይ ያዝ፤ ሁለቱም ዲ ናቸው። መካከል ያለውን አራተኛ ክር በሌባ ጣትህ ሥጋ ነክተህ አፍነው። ካላፈንከው ሙሉውን ያበላሽብሃል። ይህ አያያዝ በተለመደው ቅኝትም፣ በዚህኛውም ይሠራል፤ ሁለቱ ክሮች አልተለወጡምና።

አንድ ነገር እናክልልህ። ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ፣ ዲ የኤፍ ትዝታ ሜጀር ናቸው። ከስድስቱ ክሮችህ አምስቱ ሳይጫኑ ትዝታ ውስጥ ይገባሉ፤ የሚያፈነግጠው አንደኛው፣ ኢ ብቻ ነው። እሱንም አንድ ሙሉ ድምፅ አውርደህ ዲ ብታደርገው ክፍት ክሮቹ በሙሉ ትዝታ ይሆኑልሃል። ሞክረው።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ትለብሳለች፣ ፀጉሯን አንድ ዓይኗ ላይ ትጥላለች፣ ኩሏ ወፍራም ነው። አባቷ «ሰይጣን አምላኪ ሆነች» ብሎ ተጨንቋል። እኔ ደግሞ ራሷን እንዳትጎዳ ነው የምፈራው። (እናት፣ ከሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ እህታችን፣ ከሃይማኖት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ይህን ለአባቷ ይንገሩልን። የ1985ቶቹ ተራ ካናቴራ ነበር የሚለብሱት፤ የ1990ዎቹ ደግሞ ከልባሽ ጨርቅ መደብር የተገዛ ሹራብና ወፍራም መነጽር። ጥቁሩና ኩሉ ከ2000 በኋላ ጎዝ ከተባለው ጥቁር ለባሽ የሮክ ዘርፍ የተወሰደ ነው። በ2008 የእንግሊዝ ጋዜጦች ኢሞን ራስን ከማጥፋት ጋር ሲያያይዙ አድናቂዎቹ ለንደን ወጥተው ተቃውመዋል። በዚያው ዓመት ሜክሲኮ፣ ኬሬታሮ ውስጥ ወጣቶች በአለባበሳቸው ምክንያት በመንገድ ላይ ተደብድበዋል፤ በ2012 ባግዳድ ውስጥ የተገደሉም አሉ። ለነዚያ ልጆች አደጋው የመጣው ከሌላ ሰው ነው።

ፍርሃትዎ ግን ከንቱ አይደለም፤ ልብሷን ትተው ሌላ ነገር ይመልከቱ። በሙቀት ቀን እጅጌ አላወልቅም ካለች፣ እንቅልፏ ከተዛባ፣ የምትወደውን ከተወች፣ መኖር ሰልችቶኛል ዓይነት ወሬ ከጀመረች ቁጭ ብለው በቀጥታ «ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብለው ይጠይቋት። መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራባትም። አሜሪካ ውስጥ 988 መደወልም ቴክስት ማድረግም ይቻላል።

ፀጉሯ ግን እውነተኛ ጉዳት ሊያገኘው ይችላል። የኛን ፀጉር በየቀኑ በካውያ መተኮስ ይበጣጥሰዋል። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አይተኮስ፤ መከላከያ ቅባት ይቀባ፤ ሙቀቱ ከ180 ዲግሪ ሴልሺየስ አይለፍ፤ ፊት ላይ የምትጥለውን ብቻ መተኮስ ትችላለች። ጥቁር ቀለም ከፈለገች ከ48 ሰዓት በፊት ትንሽ ክርኗ ውስጥ ቀብታ ትሞክር። ካሳከካት ወይም ካበጠ ይቅር።

ጥያቄ፦ ሊል ፒፕ ራፐር ነው ወይስ ኢሞ? (ከዱባይ)

መልስ፦ ሁለቱንም ነው። ከኢሞ ባንዶች ጊታር ቆርጦ ይወስድና ሥሩ ትራፕ ከተባለው የራፕ ዓይነት ዝግ ያለ ድራምና ከባድ ቤዝ ያስገባል፤ በላዩ እንደ 2000ዎቹ ኢሞ ይዘፍናል። በኅዳር 2017 በ21 ዓመቱ የሞተው ፌንታኒልና አልፕራዞላም በአንድነት ገድለውት ነው። በዚህ ረገድ ከዲሲዎቹ ይለያል፤ ከነሱ ብዙዎቹ መጠጥም አደንዛዥ ዕፅም አይነኩም ነበር።

ጥያቄ፦ አንዳንድ ልጆች በእጃቸው ጀርባ ላይ ትልቅ ኤክስ የሚጽፉት የኢሞ ምልክት ሆኖ ነው? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ አይደለም፤ ስትሬይት ኤጅ የሚባሉት፣ መጠጥና ዕፅ የማይነኩት ፓንኮች ምልክት ነው። በ1980 ቲን አይድልስ የተባለው የዲሲ ባንድ ሳን ፍራንሲስኮ ሄዶ ሲጫወት፣ ልጆቹ ለመጠጥ ዕድሜያቸው ስላልደረሰ ክለቡ እጃቸው ላይ ኤክስ ጻፈባቸው። ዘዴውን ይዘው ተመለሱና የዲሲ ክለቦች አልኮል አንሸጥላችሁም፣ ግን ግቡ እንዲሏቸው አስማሙበት። ዛሬም ለአካለ መጠን ያልደረሰ ታዳሚ በር ላይ በማርከር የሚጻፍበት ክለብ አለ። በሳሙና አይለቅም፤ ጥጥ ላይ የእጅ ማጽጃ አልኮል አድርገው ይጥረጉት።