ሁለት አንቲባዮቲክ ለምን አንድ ላይ ይታዘዛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከደብረ ሲና ነው። አባቴ 61 ዓመታቸው ነው፣ ስኳር አለባቸው። እርሻ ላይ እግራቸውን እሾህ ወግቷቸው አመረቀዘ። አሁን ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ተኝተዋል። መግሉ ተመርምሮ ብዙ መድኃኒት የለመዱ ሁለት ዓይነት ባክቴሪያዎች ተገኙ። በደም ሥር ሜሮፔነም እና ቫንኮማይሲን እየተሰጣቸው ነው። አጎቴ ደግሞ ቤት የተረፈ አሞክሲሲሊን አለና «ጨምሩላቸው፣ ሲበዛ ይበረታል» ይላል። ልስጣቸው? ሁለቱስ አይከብዳቸውም?

መልስ፦ አባትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። አሞክሲሲሊኑን አይስጧቸው።

መግሉ ላቦራቶሪ ሲገባ ባክቴሪያው ክብ ሳህን ላይ ይዘራል። በላዩ መድኃኒት የነካቸው ትናንሽ ክብ ወረቀቶች ይደረደራሉ። በማግስቱ፣ የሚሠራው መድኃኒት ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል። ባክቴሪያው የለመደው መድኃኒት ዘንድ ግን ቡቃያው ወረቀቱ ጥግ ድረስ ይመጣል። ሐኪሞቹ መድኃኒት የመረጡት ይህን አይተው ነው።

በአባትዎ ጉዳይ ሁለቱ መድኃኒቶች ሥራ ተከፋፍለዋል ማለት ነው። ቫንኮማይሲን ትልቅ ሞለኪውል ስለሆነ የአንዳንድ ባክቴሪያዎችን የውጭ ሽፋን ማለፍ አይችልም። እነዚያን ሜሮፔነም ይይዛቸዋል። ሜሮፔነም የማይሆነው ደግሞ ሜቲሲሊን የተባለውን መድኃኒት ለለመደው፣ ስታፍ ለሚባለው ባክቴሪያ ነው፤ እሱ የቫንኮማይሲን ድርሻ ነው።

መድኃኒት የሚጣመርበት ሌላም ምክንያት አለ። ኦግመንቲንን ያውቁት ይሆናል። ውስጡ አሞክሲሲሊን አለ፤ አንዳንድ ባክቴሪያ ግን አሞክሲሲሊንን የሚሰብር ኢንዛይም ያመርታል። አብሮት ያለው ክላቩላኒክ አሲድ ያንን ኢንዛይም ይይዝለታል። ቲቢም እንዲሁ ነው። በተለመደው ሕክምና መጀመሪያ 2 ወር አራት መድኃኒት፣ ከዚያ 4 ወር ሁለት ይወሰዳል። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ስትሬፕቶማይሲን ብቻውን ሲሰጥ ብዙ ታማሚዎች ከተሻላቸው በኋላ መልሶ ጥሏቸዋል። ከአንዱ የሚያመልጥ ጀርም አይጠፋም፣ ከሁሉም የሚያመልጥ ግን እጅግ ብርቅ ነው።

የአጎትዎ ሐሳብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሬ የጠመደ ሰው ያውቀዋል፤ ያልተስማማ ጥማድ ከአንድ በሬ ያንሳል። ፔኒሲሊን የሚገድለው እያደገ ያለን ባክቴሪያ ነው። ቴትራሳይክሊን ደግሞ እድገቱን ያቆመዋል። እናም ፔኒሲሊን የሚመታው ያጣል። በ1951 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ኒሞኮከስ በተባለ ባክቴሪያ በሚመጣ ማጅራት ገትር የታመሙ ሰዎችን አነጻጽሮ፣ ሁለቱን ዓይነት አንድ ላይ ከወሰዱት ይልቅ ፔኒሲሊን ብቻ የወሰዱት የተሻለ መትረፋቸውን አሳይቷል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ኮሊስቲን በተባለ አንቲባዮቲክ ላይ ሜሮፔነም መጨመር ለጽኑ ሕሙማኑ የተለየ ጥቅም እንዳላስገኘ አይቷል። አብዛኞቹ የያዛቸው አሲኔቶባክተር የተባለ እልኸኛ ባክቴሪያ ነበር።

ይከብዳል ወይ ላሉት፣ አዎ፣ ሊከብድ ይችላል። ቫንኮማይሲን ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል፤ ስኳር ያለበት ሰው ኩላሊት ደግሞ ቀድሞም ስስ ነው። ክሪያቲኒን የሚባለው የደም ምርመራ በየስንት ቀኑ እንደሚሠራላቸው ይጠይቁ። ሽንታቸው ከቀነሰ፣ ጆሯቸው ከጮኸ፣ መድኃኒቱ ሲገባ ፊትና አንገታቸው ቀልቶ ካሳከካቸው ወዲያው ለነርሷ ይንገሩ። ለሕመሙ ብላችሁ ዲክሎፌናክ ከውጭ ገዝታችሁ እንዳትሰጧቸው፤ ኩላሊቱን ይደርብበታል።

አንድ ነገር አደራ። ካፕሱል ፈልቅቆ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ በየቤቱ አለ። እባክዎ አያድርጉት። ሌላው ደግሞ፣ የሞተ ሥጋ ውስጥ ደም አይዘዋወርም፤ በደም ሥር የሚገባው መድኃኒትም እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ሐኪሞቹ «የሞተውን ሥጋ እናንሳ» ካሉ አትፍሩ፣ አታዘግዩት። ስኳራቸውም መውረድ አለበት።

ነገ ጠዋት ሐኪሞቹ ራውንድ ሲወጡ አልጋው አጠገብ ይሁኑ። «ሁለቱም እስከ መቼ ይቀጥላሉ? አንዱ የሚቆመው ምን ሲታይ ነው?» ብለው ይጠይቁ። አጎትዎንም ይዘዋቸው ይግቡ።