ሚዛን፣ ማንኪያና ሽሮፕ፦ የልጆች መድኃኒት ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት ልጅ ይዘው ሆስፒታል ከከረሙ ወላጆች የመጡ ናቸው። አሳጥሬ አቀርባቸዋለሁ። የመጀመሪያው ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ሌሎቹንም የሚነካ ስለሆነ።

«አራስ ልጄ በተወለደ በአራተኛ ቀኑ ኢንፌክሽን ተብሎ ተኛ። አሥር ቀን ሲሞላው አንዲት ልጅ እግር ባለሙያ "የክፍሉ ፋርማሲስት ነኝ" አለችና እንደገና አስመዘነችው። ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩና የመርፌው መጠን ተቀየረ። ፋርማሲስት መስኮት ላይ መድኃኒት የሚያድል አይደለም እንዴ? ወይስ ሐኪሙ ተሳስቶ ነው?»

መስኮት ላይ የሚሠሩም አሉ። እሷ ግን ክሊኒካል ፋርማሲስት ናት፤ ሥራዋ አልጋው አጠገብ ነው። ከሐኪሞቹ ጋር ራውንድ ትዞራለች። ካርዱን አይታ የታዘዘውን ከልጁ ኪሎ፣ ከዕድሜውና ከላቦራቶሪ ውጤቱ ጋር ታመሳክራለች።

ሐኪሙ ተሳስቷል ማለት ላይሆን ይችላል። አራስ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኪሎ ይቀንሳል፣ ከዚያ መልሶ ይጨምራል። የመግቢያው ቀን ኪሎ በሳምንቱ አይሠራም። አንዳንድ መድኃኒት ደግሞ ልጁ አንድ ሳምንት ሲያልፈው ስሌቱ ራሱ ይለወጣል።

ጄንታማይሲንን እንይ። ብዙ አራሶች የሚወጉት እሱን ነው። በተለመደው ኪሎ የተወለደ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንቱ በቀን አንዴ፣ ለአንድ ኪሎ 5 ሚሊ ግራም ይታዘዝለታል። 3 ኪሎ ከሆነ 15 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ገበያ ላይ በብዛት ያለው ብልቃጥ ግን በ2 ሚሊ ሊትር ውስጥ 80 ሚሊ ግራም የያዘ ነው። ለልጁ የሚበቃው 0.4 ሚሊ ሊትር እንኳ አይሞላም፤ ሲሪንጁ ጫፍ ላይ የምታይዋት ጠብታ ነገር ናት። ብልቃጡ በሙሉ ቢሰጥ ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። ይህ መድኃኒት ሲበዛ ኩላሊትና ጆሮ ይጎዳል።

ነጥብም ጉድ ይሠራል። «1.0» ተብሎ የተጻፈ ነጥቧ ከደበዘዘች 10 ይሆናል። «.5» ደግሞ 5 ተብሎ ይነበባል። አዋቂ ላይ አሥር እጥፍ ማለት አሥር ብልቃጥ መክፈት ነውና ነርሷም «ቆይ፣ ምንድነው ነገሩ?» ትላለች። አራስ ላይ ግን አሥር እጥፉም ከአንድ ብልቃጥ ሊወጣ ይችላል። ማንም ልብ አይልም።

እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በሁለት ሆስፒታሎች ለተኙ ልጆች የተጻፉ ከ10 ሺህ በላይ ትዕዛዞችን መርምሮ ነበር። ጉዳት ሊያደርሱ ይችሉ የነበሩ ስህተቶች በአዋቂዎች ላይ ከሚታየው ሦስት እጥፍ ሆነው ተገኙ። መርማሪዎቹ እንደገመቱት፣ ክፍሉ ውስጥ የሚሠራ ክሊኒካል ፋርማሲስት ቢኖር 94 በመቶዎቹን ማስቀረት ይቻል ነበር።

እኔን ከጠየቁኝ፣ ባለሙያዋ ባትመጣ ነበር መደንገጥ። በየክፍሉ የሚበቃ ክሊኒካል ፋርማሲስት የለም። ስለዚህ እርስዎ አስታማሚዋ ይጠይቁ፦ «ሲስተር፣ ይሄ መርፌ ምንድነው? በስንት ኪሎ ነው የተሰላው?» ፊት የሚያጠቁር ቢኖርም ጥያቄው መብትዎ ነው።

«እህቴ ከሜሪላንድ የትኩሳት ሽሮፕ ላከችልኝ። እዚህ ከምገዛው ጋር አንድ ነው? ካርቶኑ ላይ ያለው ኪሎም ከልጄ ጋር አልገጥም አለኝ።»

ያልገጠመው ካርቶኑ በፓውንድ ስለሚናገር ነው። 22 ፓውንድ 10 ኪሎ ነው። 22 የሚለውን ኪሎ ነው ብሎ የወሰደ ሰው መድኃኒቱን ከእጥፍ በላይ ያደርገዋል።

መድኃኒቱ ያው ፓራሲታሞል ነው፤ አሜሪካኖች አሴታሚኖፌን ይሉታል። «አንዱ አላበረደላትም» ብለው ሁለቱን ደርበው እንዳይሰጡ። አንዳንድ የጉንፋን ሽሮፕም ውስጡ ፓራሲታሞል አለበትና እሱንም ያንብቡ። ሲበዛ ጉበት ይጎዳል።

ጥንካሬው ግን ይለያያል። የአሜሪካው በ5 ሚሊ ሊትር 160 ሚሊ ግራም ነው። ከሌላ አገር የሚመጣው 120 የሆነም፣ 250 የሆነም አለ። 10 ኪሎ ልጅ በአንድ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ግራም ትወስዳለች። ከ120ው 6 ሚሊ ሊትር የለመደ እጅ ከ250ው ያንኑ ቢቀዳ 300 ሚሊ ግራም ሰጠ ማለት ነው። በሁለት ዶዝ መካከል ቢያንስ አራት ሰዓት ይኑር፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከአራት ጊዜ አይለፍ። ልጅቷ ሦስት ወር ካልሞላት ግን ሽሮፕ ሳይፈልጉ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

«አንድ የሻይ ማንኪያ ሲሉኝ የትኛው ማንኪያ ነው?»

የትኛውም አይደለም። የቤት ማንኪያ መጠኑ እንደ ቤቱ ነው። «ስንት ሚሊ ሊትር?» ብለው ይጠይቁና መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይግዙ። ፋርማሲስቱ እስከየት እንደሚሞላ መስመሩ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርግልዎ። ሲያጠጡ ወደ ጉንጩ ጠጋ አድርገው ቀስ ይበሉ፤ ወደ ጉሮሮ አይርጩ።

«የአሞክሳሲሊን ዱቄት ቤት በጠበጥኩት። ውሃው ምን ያህል ነው? መብራት ሲጠፋስ ይበላሻል?»

ዱቄቱ እንዳይጓጉል መጀመሪያ ጠርሙሱን መታ መታ ያድርጉት። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ግማሽ ያህል ጨምረው በደንብ ይናጡ። ከዚያ ምልክቱ ድረስ ይሙሉ። አረፋው ሳይወርድ «ሞላ» ብለው ካቆሙ ውሃው ያንሳል፣ መድኃኒቱ ይወፍራል። የሚቆይበት ቀን እንደ አምራቹ ነው፤ አንዳንዱ 7፣ አንዳንዱ 14 ቀን ይላል። የተበጠበጠበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ይጻፉ። ለጥቂት ሰዓት መብራት ቢጠፋ ብዙ አይጨነቁ፤ ፍሪጁን አይክፈቱት። የተረፈውን ለሚቀጥለው ጉንፋን ማስቀመጥ ግን የለም። እርግጥ ከመስጠትዎ በፊት ሁሌም ይናጡት፤ ካልተናጠ ላይኛው ውሃ፣ ታችኛው መድኃኒት ይሆናል።

«አያቷ ምች ነው ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አጠጥተዋታል። ሆስፒታል ስንገባ ለሐኪሙ መናገር አፈርኩ።»

ይንገሩ። ቢቆጡም ይንገሩ። የወሰደችውን ሁሉ ካላወቁ የሚያክሟት በግማሽ መረጃ ነው። ቅጠሉንም፣ ከጎረቤት የመጣውን ክኒንም፣ ከሌላ ክሊኒክ የታዘዘውንም ይጨምሩ። ጠርሙስና ማሸጊያ ካለ ይዘው ይምጡ፤ «ቀይ ሽሮፕ ነበር» ብቻ ብዙ አይረዳንም።

«ልጄ መድኃኒት ከጀመረ በኋላ ሰውነቱ ሽፍ አለ። ለማን ነው የሚነገረው?»

ፊቱ ወይም ከንፈሩ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ቆዳው ወይም አፉ ውስጥ ከቆሰለ የሚጠበቅ ነገር የለም፤ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ቀላል ሽፍታ ከሆነም የሚቀጥለውን ዶዝ ከመስጠትዎ በፊት ያዘዘለትን ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ያነጋግሩ። ሽፍታ ሁሉ አለርጂ አይደለም፤ ቫይረሱ ራሱም ያወጣል። አለርጂ ነው ከተባለ የመድኃኒቱን ስም አጽፈው በክትባት ካርዱ ውስጥ ያኑሩት። ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በነፃ መስመር 8482 ማመልከት ይቻላል። «አንድ ልጅ ላይ የታየ ነገር ምን ይሠራል» አይበሉ፤ ችግር ያለበት መድኃኒት የሚታወቀው እንዲህ እየተጠራቀመ ነው።

«ሲያስታውክ ልድገምለት?»

ፓራሲታሞል ወይም ዚንክ ከሆነና ግማሽ ሰዓት ካልሞላው ይድገሙለት። ካለፈ ይተውት፤ በቀጣዩ ሰዓት ይስጡት። የልብ፣ የሚጥል በሽታና የመሳሰሉት መድኃኒቶች ግን በግምት አይደገሙም፤ ለእነሱ ደውለው ይጠይቁ። የሰጡትን ሁሉ የሚያስታውክ፣ ጡትም ውሃም የማይዝለት ልጅ ከሆነ ጉዳዩ የዶዝ አይደለም፤ ማታም ቢሆን ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።