ካምቢዮው ዘይት ሲያፈስ፦ ልቀጥል ወይስ ልቁም?

ጥያቄ፦ «ከነተሳቢው ሙሉ ጭነት ይዤ ረጅም መንገድ ላይ ነኝ። ጠዋት ስነሳ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ሥር የሳህን ስፋት ያህል ዘይት ፈሶ አገኘሁ። የካምቢዮው የኋላ ክፍል፣ ካርዳኑ (ኃይሉን ወደ ኋላ አክሰል የሚወስደው ዘንግ) የሚታሰርበት አካባቢ ርሷል። ማርሽ በደንብ ይገባል፣ የተለየ ድምፅም የለም። የቀረኝ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ነው። ኦይል ሲሉን (በዘንጉ ዙሪያ ዘይት የሚያግደውን የጎማ ቀለበት) መንገድ ላይ ላስቀይር ወይስ ዘይት እየጨመርኩ ልሂድ? ፍሳሽ ያቆማል የሚባለው ኬሚካልስ ይሠራል?»

መልስ፦ እየጨመሩ መድረስ ይችሉ ይሆናል። ይህን የሚወስነው ግን መሬት ላይ ያዩት ዘይት አይደለም። ግማሽ የቡና ስኒ የማይሞላ ዘይት መሬት ላይ ሲዘረጋ ብዙ ይመስላል። በሌላ በኩል ብዙው ፍሳሽ የሚወጣው መኪናው ሲሄድ፣ ዘይቱ ሲሞቅና ሲቀጥን ነው፤ ያንን ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ስለሚበትነው አያዩትም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልግዎት በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር እንደሚወጣ ማወቅ ነው። ኦይል ሲል ስለመቀየር የምናወራው ከዚያ በኋላ ነው።

መኪናውን ሜዳ ቦታ ላይ ያቁሙ። የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ጎማው ሥር ከፊትም ከኋላም ታኮ ያድርጉ፣ ሞተር ያጥፉ። ሽቅብ ወይም ቁልቁል ላይ የታየ ልክ አይታመንም። ዘይቱ ወደ ታች እንዲሰበሰብ 15 ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፤ ወዲያው ከቆሙ በኋላ መክፈት እጅ ያቃጥላል፣ ልኩንም ያሳስታል። ከዚያ በካምቢዮው ጎን ያለውን የመሙያ ብሎን በዝግታ ይፍቱ። የመጨረሻዎቹ ጥርሶች ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው ያዳምጡ። «ፍስስ» የሚል አየር ከወጣ ትልቅ ፍንጭ አግኝተዋል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ትክክለኛው ልክ ዘይቱ ከቀዳዳው የታችኛው ጠርዝ ጋር እኩል ሲሆን ነው። ጣት ሰድዶ «ነካሁት፣ አለ» ማለት ብዙ ካምቢዮ ያቃጠለ ልማድ ነው። በትላልቅ የጭነት መኪና ካምቢዮዎች ላይ ልኩ 2.5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ የጎደለው ወደ 4 ሊትር ሊጠጋ ይችላል። ጠቅላላ ይዘቱ ከ10 እስከ 15 ሊትር በሚሆን ካምቢዮ ላይ ይህ ሲሶው ነው። በዚህ ሁኔታ ረጅም ዳገት ሲወጡ ዘይቱ ወደ ኋላ ይሸሽና የፊተኛው ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት የብረት ተሸካሚ) ደርቆ ይሠራል።

አሁን እስከ ጠርዙ ይሙሉ። የጨመሩትን በሊትር መያዝ ስላለብዎት መጠኑ በሚታወቅ የውሃ ጠርሙስ እየለኩ ያድርጉት። የእጅ ፓምፕ ከሌለ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ከቀዳዳው ወደ ሻንሲው ከፍታ አውጥቶ በማንቆርቆሪያ ማፍሰስ ይቻላል፤ ዘይቱ ከቀዘቀዘ ግን አይወርድም፣ ጣሳውን ቀድመው ሞተሩ አጠገብ ያሙቁት። ብሎኑን መልሰው አጥብቀው የረጠበውን አካባቢ በሙሉ በቤንዚን ጠርገው ያድርቁ። ይህን የሚያደርጉት ካምቢዮውና የጭስ ማውጫው ከቀዘቀዙ በኋላ ብቻ ነው። ከዚያ 50 ኪሎ ሜትር ነድተው ሜዳ ላይ ያቁሙና እንደገና ይለኩ።

እኔ የምሠራበት ድንበር ይህ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር ከሩብ ሊትር በታች የሚጨምሩ ከሆነ፣ በየ150 ኪሎ ሜትሩ እየቆሙና እየሞሉ 600ውን ይጨርሱ። ከሩብ እስከ አንድ ሊትር ከሆነ መንገድ ላይ ሊስተካከል የሚችለውን አስተካክለው በየ50 ኪሎ ሜትሩ ያዩታል። ከአንድ ሊትር በላይ ከሆነ ይቁሙ። ፍሳሹ በዚያው መጠን ይቆያል ብዬ አልመክርም፤ ሲሉን የበላው ነገር እየባሰ ይሄዳል፣ የጎደለ ዘይት ይበልጥ ይሞቃል፣ የሞቀ ዘይት ይበልጥ ይወጣል። ስለዚህ በሂሳብ ከሚያስፈልገው እጥፉን ይያዙ፦ በ100 ኪሎ ሜትር 0.3 ሊትር የሚጨምር ሰው ለ600 ኪሎ ሜትር 1.8 ሊትር ይበቃዋል ብሎ አይነሳም፣ ቢያንስ 4 ይዞ ነው።

በዚያ 50 ኪሎ ሜትር ሁለተኛ ሥራ አለ፤ ምንጩን ማግኘት። በጣም የረጠበው ቦታ ምንጩ ነው ብለው አይቸኩሉ። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ስለዚህ መፈለግ ያለብዎት ከፍ ብሎና ወደ ፊት ቀርቦ የረጠበውን ነጥብ ነው። ጠርገው ባደረቁት ቦታ ላይ የሕፃናት ፓውደር ነስንሰው 5 ኪሎ ሜትር ቢነዱ ዘይቱ በዱቄቱ ላይ መንገዱን ጠርቦ ያሳያል። ከማርሽ መቀያየሪያ ዘንጉ መቀመጫ የሚወጣ ዘይት በካምቢዮው ጀርባ ወርዶ የኋላ ሲል ፍሳሽ መስሎ ብዙ ሰው አሳስቷል።

የዘይቱንም ማንነት ያረጋግጡ። ጥቂቱን በነጭ ወረቀት ላይ ያድርጉና ያሽትቱት። የማርሽ ዘይት ብዙውን ጊዜ ወፍራም፣ ወርቃማ ወይም ቡናማ ነው፤ በውስጡ ባለው ድኝ ምክንያት የሚሰነፍጥ ሽታ አለው። የናፍታ ሞተር ዘይት ጥቁር ነው። ይህ በተለይ ፍሳሹ ከፍሪሲዮን ቤቱ (በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ካለው ክፍል) ሥር ሲወጣ ዋጋ አለው፤ እዚያ የሞተሩ የኋላ ሲልና የካምቢዮው የፊት ሲል በአንድ ቀዳዳ ነው የሚያፈሱት።

ወደ «ፍስስ» ልመለስ፤ ሰው የሚዘለው እዚህ ላይ ነውና። ካምቢዮ ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ይሰፋል። የሚወጣበት በላዩ ላይ ያለው ትንሽ መተንፈሻ ነው። መተንፈሻው በጭቃና በአሮጌ ዘይት ከተደፈነ፣ ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ሲሞቅ የውስጡ ግፊት ወደ ሩብ ገደማ ይጨምራል። የኦይል ሲል ከንፈር ዘይት ለማገድ እንጂ ግፊት ለመቋቋም አልተሠራም፤ ይገለበጥና ያስተፋል። በዚህ ሁኔታ አዲስ ሲል ቢገጥሙ እሱም ያፈሳል። ስለዚህ ካርዳን ከመፍታትዎ በፊት መተንፈሻውን ይፍቱ፣ በናፍታ ይጠቡት፣ በአፍ ሲነፉበት በነፃ ማለፉን ያረጋግጡ። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። በሲል ለውጥ የተጀመረ ብዙ ጥገና እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት።

ካምቢዮዎ ሃይና ሎው (ከፍተኛና ዝቅተኛ የማርሽ ክልል) በአየር የሚቀያየር ከሆነ ደግሞ ሌላ ምርመራ ይጨመራል። የአየር ሲሊንደሩ ኦሪንግ (አየር የሚያግደው የጎማ ቀለበት) ካረጀ የፍሬን ጋኑ አየር በቀጥታ ወደ ካምቢዮው ውስጥ ይገባና በሲሎቹ በኩል ዘይት ይገፋል። የአየር ጋኑን ሞልተው ሞተር ያጥፉ፣ መተንፈሻው ላይ የሳሙና ውሃ ያድርጉ፣ መራጩን መጀመሪያ በሃይ ቀጥሎ በሎው ላይ ያቆዩ። በአንዱ ላይ አረፋው ሳያቋርጥ ከነፋ ችግሩ ኦሪንጉ ነው። የዲፈረንሻል (ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ማርሽ) መቆለፊያ ያለው አክሰልም በዚሁ መንገድ ይበላሻል።

መተንፈሻው ንጹሕ ከሆነ፣ ከአየርም የሚገባ ከሌለ፣ ዱቄቱም ምንጩ የኋላው ሲል መሆኑን ካሳየ ቀጥሎ የሚጠየቀው ዘንጉ ይወዛወዛል ወይ የሚለው ነው። ማርሹን ነፃ አድርገው፣ ታኮው እንዳለ፣ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘውን የካርዳን ፍላንጅ (የመያያዣ ክብ ብረት) በሁለት እጅ ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ። ጥቂት መዞር የተለመደ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች የሚሰማ ንቅናቄ ግን የኩሽኔታ መበላት ነው፤ ዘንጉ እየዘለለ አዲሱን ሲል በጥቂት ቀን ይፈጀዋል። እንዲህ ከሆነ መንገድ ዳር ሲል መቀየር ገንዘብ መጣል ነው፤ ፍሳሹ በድንበሩ ውስጥ እስካለ ድረስ እየሞሉ ቀስ ብለው ይድረሱና ካምቢዮው ይከፈት።

ንቅናቄ ከሌለና ትክክለኛው ሲል በእጅዎ ካለ ግን መቀየር ይቻላል። ካርዳኑ ከተፈታ በኋላ ማርሽ ማስገባት መኪናውን አይዝም፣ ታኮው ይኑር። ፍላንጁ ከመውጣቱ በፊት ዳዶው የነበረበትን ቦታ በነጥብ ምልክት ያድርጉ። ሲመለስ ግን በፋብሪካው ልክ ነው የሚጠብቀው፣ በግምት አይደለም። ሲሉ ሲገባ ስፕሪንጉ ያለበት ጎን ወደ ዘይቱ ይዞራል፣ ከንፈሩ ዘይት ይቀባል፣ በውጭ ጠርዙ ልክ በሆነ ቱቦ እኩል እየተመታ ይገባል። በመዶሻ ጫፍ በአንድ ጎን የተመታ ሲል ይጣመማል። ሲሉ የሚያርፍበትን የፍላንጁን ወለል በጥፍርዎ ይፈትሹ፤ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ አዲሱን ሲል 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር አዛውረው ከንፈሩን ልስልስ ቦታ ላይ ያሳርፉት። የዲፈረንሻሉ የፊት ዳዶ ግን የኩሽኔታውን ውጥረት ከያዘው ነገር ጋር የተያያዘ ስለሆነ መንገድ ላይ አይነካም።

ምንጩ ሌላ ከሆነ ነገሩ ይቀላል። የማፍሰሻ ብሎን ከሆነ በመዳብ ቀለበቱ ነው የሚያፈሰው፤ ቀለበቱን ደም እስኪመስል አግለው ቢያቀዘቅዙት እንደገና ይለሰልስና ይይዛል። የክዳን ብሎኖች ከላሉ በተቃራኒ እየተሻገሩ ያጥብቁ። በጋስኬት በኩል የሚወጣ ዘይት ላይ ከውጭ ሲሊኮን መለጠፍ ግን ከንቱ ነው፣ ሲሊኮን ዘይት የነካው ነገር ላይ አይይዝም። የተሰነጠቀ ቤት ከሆነ ዘይቱን ከስንጥቁ በታች አውርደው፣ በቤንዚን አጥበውና በብርጭቆ ወረቀት አሻክረው፣ ሁለት ክፍል ያለውን የብረት ኤፖክሲ አቡክተው ይለጥፉ፤ በጣሳው ላይ የተጻፈውን የመድረቂያ ጊዜ ሳያሳጥሩ ይጠብቁና ይሙሉ።

ኬሚካሉን ጠይቀዋል። የሚያደርገው የደረቀ ጎማን ማለስለስና ማሳበጥ ነው። በዕድሜ ለደረቀ ሲል ጥቂት ሊረዳ ይችላል፣ ግን ጊዜ ይወስዳል። ለተቀደደ ከንፈር፣ ለተደፈነ መተንፈሻና ለተበላ ኩሽኔታ ምንም አያደርግም። በ600 ኪሎ ሜትር ጉዞ ላይ ገንዘቡን በትክክለኛ ዘይት ላይ ቢያውሉት እመርጣለሁ።

ትክክለኛ ዘይት ማለትም በካምቢዮው ሰሌዳ ወይም በመኪናው መጽሐፍ ላይ የተጻፈው ነው። ጂኤል-4 (የማርሽ ዘይት ደረጃ ነው) የሚል ካምቢዮ ላይ ጂኤል-5 ለብዙ ጊዜ ከተጠቀሙ የነሐስ ቀለበቶቹን የሚጎዳበት ዓይነት አለ። የሞተር ዘይት እንዲሞላባቸው የተሠሩ ካምቢዮዎችም አሉ፣ ስለዚህ ሳያነቡ 80ደብሊው-90 የማርሽ ዘይት ሁሉን ያድናል አይበሉ። የተጻፈው ዓይነት ጨርሶ ካልተገኘ 15ደብሊው-40 የሞተር ዘይት ካምቢዮውን ደረቅ ከመንዳት ያድነዋል፤ ሲደርሱ ሁሉም ፈስሶ በትክክለኛው ይተካል። ዲፈረንሻል ውስጥ ግን ጥርሶቹ እየተንሸራተቱ ስለሚፋጩ የሞተር ዘይት አይከላከልላቸውም፤ ከአደገኛ ቦታ ለመውጣት ካልሆነ አይጠቀሙበት።

እየነዱ ሳሉ ሙቀቱን ይከታተሉ። በቆሙ ቁጥር ጥቂት የውሃ ጠብታ የካምቢዮው ጎን ላይ ይርጩ። ወዲያው ተንጫጭቶ ከፈላ ቤቱ ከ100 ዲግሪ አልፏል፤ ይብረድለት፣ ልኩንም ይዩ። ከ120 በላይ የቆየ ዘይት ራሱም ያረጃል፣ ሲሎቹንም ያደርቃል። የማፍሰሻ ብሎኑ ማግኔት ካለው ዘይቱን ሲያፈሱ ይመልከቱት፦ ግራሶ የመሰለ ግራጫ ጭቃ የተለመደ ነው፣ በጣት የሚያዝ ቅርፊት ወይም የጥርስ ስባሪ ግን ጉዞውን ያቆማል።

አንድ ፍሳሽ ላይ ግን ልክም ሊትርም አልቆጥርም። ዘይቱ በጎማው ውስጠኛ ጎን፣ ከሞዞው (ጎማው ከሚታሰርበት የአክሰል ጫፍ) በኩል ከወጣ የፍሬን ሸራውን እየነከረ ነው። ያ ጎማ አይዝም፣ ሌላው ሲይዝ መኪናው ይስባል፣ ሲግል ደግሞ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም፤ በአክሰሉ ሁለቱም ጎን ይቀየራል። ባለበት ይቁም።

የሚጎተት ከሆነም የኋላ ጎማዎቹ መሬት ላይ እየዞሩ ካምቢዮው ተያይዞ አይጎተት። ሞተር ሲጠፋ በብዙ ካምቢዮዎች ውስጥ ዘይት የሚረጨው የታችኛው ዘንግ ይቆማል፣ የላይኛው ግን በካርዳኑ ይዞራልና በአጭር ርቀት ይጋገራል። ካርዳኑን ከዲፈረንሻሉ ጎን ፈትተው ሙሉ በሙሉ ያውጡት፣ ወይም በሽቦ ሻንሲው ላይ ጥብቅ አድርገው ይሰሩት፤ ብሎኖቹን ከነዳዶዎቻቸው በአንድ ከረጢት ይያዙ።