ከኬሞ በኋላ ስለሚሰጥ ማደንዘዣ፦ ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እናቴ ለጡት ካንሰር ኬሞ ጨርሳ ለቀዶ ጥገና ተቀጥራለች። ኬሞው አእምሮዋን አድክሞታል፤ ማደንዘዣው ከብዷት ሳትነቃ ትቀር ይሆን?

መልስ፦ በቅድሚያ፣ የማደንዘዣ ባለሙያ እንጂ ዶክተር አይደለሁም። ስጋትዎ መነሻ አለው፤ ነገር ግን ፍራቻዎ ከመነሻው ርቆ ሄዷል። ኬሞ የወሰደ ሰው ለወራት ስም ሊጠፋው፣ የጀመረውን ነገር ሊዘነጋ ይችላል። ከቀዶ ጥገና በፊት ኬሞ የወሰዱ የጡት ካንሰር ታካሚዎች ራሳቸውን እንዲስቱ የሚያስፈልጋቸው ፕሮፖፎል (በደም ሥር የሚሰጥ የማስተኛ መድኃኒት) ኬሞ ካልወሰዱት ያነሰ መሆኑም በአንዳንድ ጥናቶች ታይቷል። ፕሮፖፎል አብዛኛው ከደም ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ የሚዞር ስለሆነ፣ ምግብ አልበላ ብሎት ፕሮቲኑ በወረደ ታካሚ ላይ ወደ አንጎል የሚሻገረው ድርሻ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ መጠኑን ቀንሰን፣ ቀስ እያልን እንሰጣለን። እኔ በበኩሌ «እማማ፣ የልጆችዎን ስም ይንገሩኝ» እላለሁ፤ ሦስተኛው ልጅ ላይ ምላሳቸው ሲተሳሰር እጄን ከመርፌው አነሣለሁ።

ጥያቄ፦ የእንቅልፉን ጥልቀት የሚለካ መሣሪያ አለ ይባላል?

መልስ፦ አዎ፤ ግንባር ላይ ተለጥፎ የአንጎልን ሞገድ ከ0 እስከ 100 ባለው ቁጥር ያሳያል፤ በቀዶ ጥገና ጊዜ የሚፈለገው ከ40 እስከ 60 ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ ሲስፕላቲን የተባለ የኬሞ መድኃኒት ወስዶ ነበር። ከቀዶ ጥገናው በነቃ ማግስት ስንጠራው ዝም አለን። አእምሮው ተነክቶ ነው?

መልስ፦ ከቀዶ ጥገና በኋላ ለጥቂት ቀናት መቃዠት በተለይ በአረጋውያን ላይ ያጋጥማል። ሆኖም ሲስፕላቲን ጆሮንም ይጎዳልና፣ ያልሰማን ሰው ተቃዠ ብለን እንዳንፈርድበት ፊት ለፊት ቆማችሁ፣ ከንፈራችሁን እያሳያችሁት አነጋግሩት።

ጥያቄ፦ የኬሞውን ዓይነት መንገር ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ከዘጌ በጀልባ የመጡ አንዲት እናት ካርዳቸውን ቤት ረስተው «ቀዩን ነው የወሰድኩት፤ ሽንቴን ሳይቀር ያቀላው» አሉን። ይህ አነጋገር ዶክሶሩቢሲን ወደተባለው ቀይ የኬሞ መድኃኒት ይጠቁማል፤ መድኃኒቱ ደግሞ ከዓመታት በኋላም ቢሆን ልብን ሊያደክም ይችላል። ልብ ሲደክም ደም ቀስ ብሎ ስለሚዞር ማደንዘዣው አንጎል ለመድረስ ይዘገያል፤ «አልተኙም» ብሎ የቸኮለና መጠኑን የደገመ ባለሙያ የደም ግፊታቸውን ይጥለዋል። እኚህን እናት ያን ቀን አላስተኛናቸውም፤ መጀመሪያ የልብ አልትራሳውንድ አዘን፣ ልጃቸውን ካርዱን እንዲያመጣ ወደ ዘጌ መለስነው።