መልስ፦ ለ60 ሠራተኛ የትኛው የሥልጠና ሶፍትዌር?

«ለቡሬው ዱቄት ፋብሪካችን በየወሩ የሚከፈልበትን ባለ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሶፍትዌር ልግዛ ወይስ ሙድል ይበቃል?» ላልከው፣ ሙድል ይበቃሃል። ሙድል (Moodle) ትምህርትና ፈተና በኢንተርኔት የሚሰጥበት ሶፍትዌር ነው፤ ሶፍትዌሩም ነፃ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ከወጣው 4.5 ስሪት ጀምሮ ጽሑፍ የሚያመነጭና የሚያሳጥር ኤአይ ይገናኝበታል፤ የኤአይው ክፍያ ግን ለብቻው ነው። ደግሞ በስልክ መተግበሪያው ትምህርቱን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል። ኔትወርክ ሲጠፋ ጥቅሙ ይገባሃል።

የሚሸጠውንም ልሞክር ካልክ፣ የሻጩን የእንግሊዝኛ ማሳያ ተወው። የራስህን የአማርኛ መመሪያ ስጠውና 10 ጥያቄ አውጣ በለው። እዚያ ላይ ይለያል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። እኔ ደብረ ማርቆስ ሳለሁ ኤአይ ያወጣውን ፈተና ሳላነብ ለቀቅሁት። «ከማጽዳትህ በፊት ማሽኑን አጥፋ» የሚለውን «ካጸዳህ በኋላ» ብሎታል! ያገኘው አንድ አንጋፋ መካኒክ ነው። እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።