መልስ፦ ምርቱ የቀነሰ የነዳጅ ጉድጓድ፣ አዲስ መቆፈር ብቻ ነው ወይ መፍትሄው? የተፈጥሮ ጋዙስ የት ይቀመጣል?

ወንድሜ ምርት ቀነሰ ማለት እኮ ነዳጁ አለቀ ማለት አይደለም፣ አንዳንዴ መውጫው ተደፍኖ ነው። ድፍድፉ እንደ ኩሬ ተጠራቅሞ ሳይሆን ስፖንጅ ውስጥ እንዳለ ውሃ ድንጋዩ ውስጥ ነው ያለው፣ ስለዚህ ጉድጓዱ ዙሪያ ያለው ድንጋይ በጭቃ ምናምን ሲዘጋ መፍሰሱ ያቆማል። የኖራ ድንጋይ ከሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይለቀቅበትና ኖራውን እየበላ መንገድ ይከፍታል። ጥብቅ፣ ማለትም ነዳጁን በቀላሉ ማያሳልፍ ድንጋይ ከሆነ ፍራኪንግ ነው፣ ውሃ በከባድ ግፊት ገብቶ ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል፣ አሸዋም አብሮ ይገባል፣ እኔ በጣም ሚገርመኝ አሸዋው ነው፣ ግፊቱ ሲለቀቅ ስንጥቁ መልሶ እንዳይገጥም ደግፎ ሚይዘው እሱ ነው! ፍራኪንግ ራሱ በ1947 እ.ኤ.አ ካንሳስ ላይ የተሞከረ ነው፣ አዲሱ ነገር ከአግድም ቁፋሮ ጋር መቀናጀቱና የፋይበር ኦፕቲክ ገመድ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ የትኛው ስንጥቅ እየሰራ እንደሆነ በሙቀትና በድምፅ መለየቱ ነው።

ጋዙ ደሞ በብዛት ሚቀመጠው ታንከር ውስጥ ሳይሆን መሬት ስር ነው፣ ወይ ምርቱ ባለቀ ሜዳ (ድሮ ነዳጅ ወይ ጋዝ በነበረበት ድንጋይ) ወይ ጨው በውሃ ሟሙቶ በተሰራ ዋሻ። ባለቀ ሜዳ ላይ ግን ግፊት ለመጠበቅ ግማሽ ያህሉ ጋዝ እዛው ይቀራል፣ ዋሻው ላይ ሚቀረው ያንሳል፣ ቶሎ ቶሎ ለማስገባትና ለማውጣት እኔ ዋሻውን ነው ምመርጠው።